የእስክርቢቶ ክዳን ላይ ያለችው ቀዳዳ
ዛሬ ስብሰባው ሲረዝም የእስክርቢቶዬን ክዳን ሳገላብጥ ጫፉ ላይ ያለችውን ትንሽ ቀዳዳ ልብ አልኳት። ስንት ዓመት ስነክሰው ኖሬ ለምን እንደተበሳ ጠይቄ አላውቅም። ባልደረባዬ "ልጅ ውጦት ጉሮሮው ላይ ቢሰነቀር አየር እንዲያልፍ እኮ ነው" አለችኝ። ክው አልኩ።

ቤት ገብቼ ሳጣራ እውነቷን ነው። እስከ 14 ዓመት ያሉ ልጆች ለሚጠቀሙባቸው የመጻፊያ ክዳኖች አይኤስኦ 11540 የሚባል ዓለም አቀፍ መስፈርት ሁሉ አለ። አንድ ሰው የማያውቀው ልጅ እንዳይታፈን ብሎ ቁጭ ብሎ አስቧል! ከልቤ አመሰገንኩት።

ቀና ስል ልጄ ደብተሯ ላይ አቀርቅራ የቤት ሥራዋን ትሠራለች፤ ክዳኑ እንደልማዷ አፏ ውስጥ ነው። ቀስ ብዬ ተቀበልኳት።