ተደጋጋሚ ግብአት ተቀብሎ ሊስት ውስጥ ማስቀመጥ፦ «ኢዝዲጂት»ን አትመኑ

የሱቅ የቀን ሽያጭ ዋጋ አንድ በአንድ ተቀብሎ ሊስት (ብዙ እሴት በተራ የሚይዝ ዝርዝር) ውስጥ የሚያስቀምጥና መጨረሻ ላይ የሚደምር ትንሽ ፕሮግራም በፓይተን ሠርቻለሁ። አብዛኛው ሥራ ቀላል ነው። ባዶው ሊስት ከሉፑ (ሥራውን ከሚደጋግመው የኮድ ክፍል) በላይ ይፈጠር፤ ሉፑ ውስጥ ከተፈጠረ በየዙሩ ባዶ እየሆነ ቀድሞ የገባው ሁሉ ይጠፋል። «ኢንፑት» ከተጠቃሚው የተቀበለውን «አፔንድ» ሊስቱ ላይ ይጨምረዋል። የአፔንድን ውጤት ግን መልሳችሁ ለሊስቱ ስም አትስጡ። አፔንድ ሊስቱን እዚያው ለውጦ የሚመልሰው «ነን» የተባለውን ባዶ እሴት ስለሆነ ሁለተኛው ዙር ላይ ኤረር ይመጣል።

ብዙ ማስተማሪያዎች መጀመሪያ «ስንት ዕቃ ታስገባለህ?» ብላችሁ ጠይቁና የዙሩን ብዛት በሚወስነው «ሬንጅ» ቁጠሩ ይላሉ። አልስማማም። ማታ ደረሰኝ ከምሮ የተቀመጠ ነጋዴ ብዛቱን አያውቅም፤ መቁጠር የኮምፒውተሩ ሥራ ነው። እስኪቋረጥ ድረስ በሚደጋግመው «ኋይል ትሩ» ሉፕ ተቀበሉ፣ ባዶ መስመር ሲገባ «ብሬክ» ብሎ ይውጣ። ስፔስ ብቻ ያለበት መስመር ባዶ ስለማይባል አስቀድሞ ዳርና ዳሩ ያለውን ስፔስ የሚያነሳው «ስትሪፕ» ይደረግ።

የሚያበሳጨው ወደ ቁጥር መለወጡ ነው። ፓይተን 3 ላይ ኢንፑት ሁልጊዜ ስትሪንግ (ጽሑፍ) ነው የሚመልሰው። እንዳለ ሊስት ውስጥ ከገባ «ሰም» አይደምረውም። «ሶርት» ደግሞ ይባስ፦ ምንም ኤረር ሳያሳይ 100ን ከ25፣ 25ን ከ9 አስቀድሞ ይደረድራል። ስለዚህ መለወጥ ግድ ነው። እዚህ ላይ «መጀመሪያ በኢዝዲጂት ቁጥር መሆኑን አረጋግጡ» የሚል ምክር በየቦታው ይደጋገማል (ኢዝዲጂት ጽሑፉ በሙሉ የአሃዝ ምልክት መሆኑን የሚፈትሽ ነው)፤ ተማሪም ሳይፈትሽ ይገለብጠዋል። ምክሩ በሁለቱም በኩል ስህተት ነው። 12.50ን በነጥቡ፣ ለተመለሰ ዕቃ የገባውን -40ን በመቀነስ ምልክቱ ምክንያት ይጥላል። በአማርኛ ኪቦርድ የተጻፈውን ፭ ግን ያሳልፈዋል፤ ዩኒኮድ (የዓለም ፊደላትና ምልክቶች የኮምፒውተር መዝገብ) ከ፩ እስከ ፱ ያሉትን «ዲጂት» ብሎ መዝግቧቸዋልና። ጽሑፍን ወደ ሙሉ ቁጥር የሚለውጠው «ኢንት»ና ወደ ባለ ነጥብ ቁጥር የሚለውጠው «ፍሎት» ግን ከአሃዞች የሚቀበሉት «ዴሲማል» የተባሉትን (ከዜሮ እስከ ዘጠኝ ሆነው በቦታ ዋጋ የሚጻፉትን) ብቻ ነው። የግዕዝ ቁጥር ዜሮ የለውም፣ በቦታ ዋጋም አይጻፍም፤ ስለዚህ ከእነዚያ ውስጥ አይቆጠርም። ውጤቱ «ቫልዩ ኤረር» ነው። ፕሮግራሙ ይቆማል፣ ሊስቱ ሚሞሪ ላይ ብቻ ስለነበር የምሽቱ ሽያጭ በሙሉ አብሮ ይሄዳል።

መድኃኒቱ ኤረር ሊያመጣ የሚችለውን ኮድ ሞክሮ ኤረሩን ለመያዝ የሚያስችለው «ትራይ» ነው። ውስጡ ወደ ቁጥር የምትለውጠዋ አንድ መስመር ብቻ ትግባ፤ ኢንፑቱ ውጭ ይቅር። ቫልዩ ኤረር በ«ኤክሴፕት» በስሙ ይያዝ፣ መልእክት ይታይ፣ ወደ ቀጣዩ ዙር የሚያልፈው «ኮንቲኒው» ይከተል። ስም የሌለው «ኤክሴፕት» ካደረጋችሁና ኢንፑቱም ትራይ ውስጥ ከሆነ ፕሮግራም የሚያስቆመውን «ኮንትሮል ሲ»ን ጭምር ይውጣል፤ ሰውየው ፕሮግራሙን ማቆም ያቅተዋል። ግብአቱ ከፋይል ሲመጣና ፋይሉ ሲያልቅማ የማለቁን ኤረርም ስለሚውጥ ሉፑ ማለቂያ የለውም።

1,500 ብሎ የሚጽፍ ብዙ ነው፤ ፍሎት ኮማውን ስለማይቀበል በ«ሪፕሌስ» አስቀድማችሁ አውጡት። የግዕዙን ቁጥር ለመተርጎም «ዩኒኮድዴታ» በተባለው የፓይተን ሞጁል ውስጥ ያለው «ኑሜሪክ» ነጠላ ምልክትን ይፈታል፤ ፲፭ን ግን መደመር፣ ፪፻ን ማባዛት ይጠይቃል። ለሱቅ ሒሳብ ይህን ያህል መድከም አያስፈልግም ባይ ነኝ፤ «እባክዎ በ0-9 ይጻፉ» የሚል መልእክት ይበቃል። በመጨረሻም ፍሎት «ናን» («ቁጥር አይደለም» ማለት ነው) የሚለውን ቃል በላቲን ፊደል ከተጻፈ እንደ ቁጥር ይቀበለዋል፤ አንዱ ከገባ ጠቅላላ ድምሩ ናን ይሆናል። አፔንድ ከማድረጋችሁ በፊት በ«ማት» ውስጥ ባለው «ኢዝፋይናይት» አጣሩት።