የተመሳሳይ ጾታ ፍቅርን የሚተርኩ ልብ ወለዶችን ፍለጋ

ሰሞኑን ካነበብኳቸው መጻሕፍት ከልቤ አልወጣ ያለው የናይጄሪያዊቷ የቺኔሎ ኦክፓራንታ «አንደር ዘ ኡዳላ ትሪስ» ነው። በ2015 እ.ኤ.አ. የታተመው ይህ ልብ ወለድ፣ በናይጄሪያ የእርስ በርስ ጦርነት፣ በቢያፍራ ጦርነት፣ አባቷን በአየር ድብደባ ያጣችው የኢግቦ ብሔር ተወላጇ ኢጄኦማ ከሐውሳ ብሔር ተወላጇ አሚና ጋር የጀመረችውን ፍቅርና እናቷ መጽሐፍ ቅዱስ ገልጣ ልጇን ለመመለስ የምታደርገውን ጥረት ይተርካል። እናትና ልጅ ስለ ጥቅሶች የሚከራከሩበትን ክፍል ደጋግሜ አንብቤዋለሁ፤ ደራሲዋ እናቲቱን ጨካኝ አድርጋ አልሳለቻትምና። ለልጇ የምትፈራ እናት ናት፤ እኛም አገር በየቤቱ አለች።

እንዲህ ያለው መጽሐፍ በመደብሮቻችን ተለይቶ አይደረደርም። ብሔራዊ ቴአትር አካባቢ አሮጌ መጻሕፍት ከሚሸጡት ዘንድ ስሄድ የምጠይቀው ስለ ይዘቱ ሳይሆን የደራሲውን ስም ጠርቼ ነው፤ ሕጉ የተመሳሳይ ጾታ ግንኙነትን በወንጀል በሚያስቀጣበት አገር ይህ ጥንቃቄ ተገቢ ይመስለኛል። በ1956 እ.ኤ.አ. የታተመውንና የሁለት ወንዶችን ፍቅር የሚተርከውን የአሜሪካዊውን ደራሲ የጄምስ ባልድዊንን «ጆቫኒስ ሩም» ያገኘሁት በዚሁ መንገድ ሲሆን፣ ሻጩ ደራሲውን የሚያውቀው ስለ ጥቁሮች መብት በጻፋቸው ድርሰቶች ነበር። ለአዳዲሶቹ ደግሞ እንዲህ ላሉ መጻሕፍት የሚሰጠውን የላምዳ የሥነ ጽሑፍ ሽልማት ዓመታዊ ዝርዝር እከታተላለሁ፤ የኦክፓራንታም መጽሐፍ ከተሸላሚዎቹ አንዱ ነው። ከዝርዝሩ አፍሪካውያኑን አስቀድማለሁ፤ ጸሎቱም፣ የዘመድ ምክሩም፣ የ«አግቢ» ውትወታውም ያለ ማብራሪያ ይገባኛልና።