ወደ መጽሐፍ ሻጩ ልጅ ቤት

ወደ ጀርመን ከተማ ላይፕዚግ የሚመጣ ሙዚቀኛ ብዙውን ጊዜ የሚመጣው ለሙዚቃ ደራሲው ባኽ ብሎ ነው። እኔም ቶማስ ቤተ ክርስቲያን ገብቼ መቃብሩ አጠገብ ቆሜያለሁ። ባኽ ከ1723 ጀምሮ እስከሞተበት 1750 ድረስ የሠራው እዚህ ከተማ ነው። (ቀኖቹ፣ ወሮቹና ዓመቶቹ ሁሉ በፈረንጅ አቆጣጠር ናቸው።) ዋናው ጉዳዬ ግን ሌላው የሙዚቃ ደራሲ ሮበርት ሹማን ነበር።

ከአንድ ድምፃዊ ጓደኛዬ ጋር «የገጣሚ ፍቅር» የተባለውን የሹማን የዘፈን ስብስብ እያጠናን ነው። እሱ ይዘፍናል፣ እኔ ፒያኖ እጫወታለሁ። አሥራ ስድስት አጫጭር ዘፈኖች ናቸው። ግጥሙ የሃይንሪሽ ሃይነ ነው። ሹማን ዜማውን በ1840 በጥቂት ቀናት ውስጥ ነው የጻፈው። ኖታውን ጣቶቼ ያውቁታል። አንድ ጥያቄ ግን ይዞኝ ነበር። ዘፋኙ ጨርሶ ዝም ሲል ፒያኖው ለምንድን ነው ወሬውን የሚቀጥለው? ሌሎች ደራሲዎች ዘንድ አጃቢው ከዘፋኙ ጋር ይጨርሳል፣ ቢበዛ ሁለት ሦስት ኮርድ (አብረው የሚመቱ ኖታዎች) ይጨምራል። ሹማን ዘንድ ግን ትልቁ ነገር አንዳንዴ የሚመጣው ቃሉ ካለቀ በኋላ ነው።

ሮበርትና ክላራ ከተጋቡ በኋላ የገቡበት ቤት ኢንዝል ጎዳና ቁጥር 18 ላይ ነው። የተጋቡት መስከረም 12 ቀን 1840 ነው፣ ክላራ 21 ዓመት ሊሞላት አንድ ቀን ሲቀራት። አባቷ ፍሪድሪሽ ቪክ ጋብቻውን ስለተቃወመ ጉዳዩ ፍርድ ቤት ደርሶ ነበር። የማጠናቸው ዘፈኖች የተጻፉት ክርክሩ ገና ሳያልቅ ነው። በዚያ ዓመት ብቻ ሹማን ከመቶ በላይ ዘፈኖች ጽፏል።

ዛሬ ቤቱ ሙዚየም ነው። እዚያው ሕንፃ ውስጥ አንደኛ ደረጃ ትምህርት ቤትም አለ፣ ክፍሎቹን ስጎበኝ የልጆች ጫጫታ ከታች ይሰማኝ ነበር። ደስ የሚል ነገር ነው። ሹማን የመጀመሪያውን ሲምፎኒውን እዚህ ቤት በጥር 1841 በአራት ቀን ነው የነደፈው። መነሻው ስለ ፀደይ የተጻፈ የአዶልፍ ቦትገር ግጥም ነው። መጋቢት ላይ የሙዚቃ ደራሲው ሜንደልሶን መድረክ ላይ አቀረበው።

ረጅም ጊዜ የቆየሁት ግን ስለ ጋብቻ ማስታወሻቸው በሚያወራው ክፍል ውስጥ ነው። ባልና ሚስቱ በየሳምንቱ እየተቀያየሩ የሚጽፉበት ደብተር ነበራቸው። ክላራ በዚያን ጊዜ በመላው አውሮፓ የታወቀች ፒያኒስት ናት፣ ከባሏ እጅግ የበለጠ ስም ነበራት። እሱ ሙዚቃ ሲደርስ ግን እሷ መለማመድ አትችልም። ድምፁ ይረብሸዋል። ጨዋታዬ ወደ ኋላ እየቀረ ነው ብላ ጽፋለች። እሱም አይቶታል። በ1843 ልጆች መውለድና ዘወትር በምናብ ዓለም የሚኖር ባል መያዝ ከድርሰት ጋር እንደማይሄድ በዚያው ደብተር ላይ አስፍሯል። ማየቱ ጥሩ ነው። ግን ፒያኖዋን አልከፈተላትም። እኔ ሹማንን ከልቤ እወደዋለሁ፤ ይህን ግን አልፌ መሄድ አልችልም። ስለ ፈጠራ ስናወራ የአንዱ ዝምታ ስንት እንዳስከፈለ አብረን ማውራት አለብን። ክላራ ባሏ ከሞተ በኋላ ሰባት ልጆች ይዛ ኮንሰርት እየሰጠች ቤቷን አስተዳድራለች። ከ1300 በላይ የኮንሰርት ፕሮግራሞቿ ተጠብቀው ቆይተዋል።

ከዚያ ወደ መሀል ከተማ ተመለስኩ። «የአረብ ቡና ዛፍ» የሚባል ጥንታዊ ቡና ቤት አለ። ከበሩ በላይ የቱርክ ልብስ የለበሰ ሰው ከቡና ዛፍ ሥር የተቀረጸበት ሐውልት ይታያል። የቡና አገር ልጅ ስለሆንኩ ቆም ብዬ በደንብ አየሁት። ሹማን በ1830ዎቹ ከጓደኞቹ ጋር እዚህ ይሰበሰብ ነበር። በ1834 ከጓደኞቹ ጋር የራሱን የሙዚቃ መጽሔት አቋቋመ፣ ለአሥር ዓመት ያህልም አዘጋጀው። ሂስ ሲጽፍ እንደ ተረት ነው የሚጽፈው። በ1831 ስለ ወጣቱ የሙዚቃ ደራሲ ሾፓን በጻፈው ላይ ኦይዘቢዩስ የሚባል ገጸ ባሕርይ በሩን ቀስ ብሎ ከፍቶ ይገባና ኖታውን ያስቀምጣል። ከዚያም «ባርኔጣችሁን አውልቁ፣ ሊቅ መጥቷል!» ይባላል። ፍሎሬስታን የሚባል ሌላም አለ። አንዱ ቁጡና ፈጣን፣ ሌላው ዝምተኛና ሕልመኛ ናቸው። ሁለቱም ራሱ ሹማን ናቸው።

በማግሥቱ ዝቪካው ሄድኩ። የተወለደበት ከተማ ነው። ከላይፕዚግ ወደ ደቡብ በባቡር ከአንድ ሰዓት ትንሽ ያልፋል። ሜዳው በሙሉ ቢጫ የጎመንዘር ማሳ ነበር። ቤቱ በዋናው አደባባይ ዳር ነው። ያው የጥንቱ ግን አይደለም፣ የጥንቱ በ1950ዎቹ ፈርሶ በቀድሞ መልኩ እንደገና የተሠራ ነው።

ጥያቄዬ መልስ ማግኘት የጀመረው እዚህ ነው። የሹማን አባት ኦጉስት መጽሐፍ ሻጭና አሳታሚ ነበር። የዋልተር ስኮትንና የባይረንን ሥራዎች በጀርመንኛ በኪስ መጠን ያሳትም ነበር። ባይረንን ራሱም ተርጉሟል። ልጁ ያደገው መጽሐፍ መሀል ነው። ተማሪ እያለ ከጓደኞቹ ጋር የሥነ ጽሑፍ ማኅበር አቋቁሟል። ገጣሚ ልሁን ወይስ ሙዚቀኛ የሚለው ጥያቄ ለረጅም ጊዜ አልለቀቀውም። አባቱ በ1826 ሞተ፣ በ1828 ሕግ እንዲማር ላይፕዚግ ተላከ፣ ሕጉን ትቶ ፒያኖ ያዘ፣ ቀኝ እጁ ተጎዳና የሙዚቃ ድርሰት ላይ ቀረ።

ከሁሉ በላይ የወደደው ጸሐፊ ጀርመናዊው የልብ ወለድ ደራሲ ዣን ፖል ነው። በ1839 በጻፈው ደብዳቤ ላይ ካውንተርፖይንት ከሙዚቃ አስተማሪዬ ይልቅ ከዣን ፖል ተምሬያለሁ ይላል። ካውንተርፖይንት ሁለትና ከዚያ በላይ ዜማዎች እየተደማመጡ አብረው የሚሄዱበት ጥበብ ነው። ከልብ ወለድ መጽሐፍ እንዴት ይማሩታል? «ቢራቢሮዎች» የተባለውን የመጀመሪያ ዘመን የፒያኖ ሥራውን የተጫወተ ሰው ይህ ይገባዋል። መነሻው ዣን ፖል ስለ መንታ ወንድማማቾች የጻፈው ልብ ወለድ ነው። አንደኛው ገጣሚና ሕልመኛ ነው። ሁለተኛው ዋሽንት ተጫዋችና ነገረኛ ነው። አንዲት ሴት ይወዳሉ፣ ጭምብል በሚደረግበት ጭፈራ ላይም ይገናኛሉ። ሹማን በራሱ የልብ ወለዱ ቅጂ ላይ የትኛው የሙዚቃ ቁራጭ ከየትኛው አንቀጽ ጋር እንደሚሄድ ምልክት አድርጓል። ሙዚቃው አንድ ጭፈራ ይጀምርና ሳይጨርሰው ሌላው ጣልቃ ይገባል። ለቅሶው መሀል ቀልድ ይመጣል። ዣን ፖልም የሚጽፈው እንደዚያ ነው፣ አንዱን ወሬ ሳይጨርስ ሌላውን ይከፍታል፣ ሁለቱም አብረው ይሄዳሉ።

የመጨረሻው ገጽማ! ከፍ ብሎ አንድ ኖታ ስድስት ጊዜ ይመታል። የማማው ሰዓት ነው፣ በፈረንጅ አቆጣጠር ስድስት ሰዓት ደወለ። ኖታው ላይ ራሱ ሹማን የጭፈራው ሌሊት ጫጫታ ጸጥ እንዳለ ጽፏል። ከዚያ አንድ ኮርድ ትይዛለህ፣ ጣቶችህን አንድ በአንድ ታነሳለህ። ድምፆቹ አንድ በአንድ ይጠፋሉ። እንግዶቹ እየተሰናበቱ የሚወጡ ይመስላል። ይህን በልምምድ ብቻ የሚያገኘው ሰው አለ ብዬ አላምንም። ታሪኩን የሚያውቅ ሰው ግን የትኛውን ጣት መቼ እንደሚያነሳ ይገባዋል።

«የገጣሚ ፍቅር»ም ከዚህ ይጀምራል። የመጀመሪያው ዘፈን ስለ ግንቦት ወር ውበት ያወራል፣ አፍቃሪው ናፍቆቱን ተናዘዘላት ይላል፣ ያልቃል። ሙዚቃው ግን አያርፍም። የመጨረሻው ኮርድ መልስ የሚጠብቅ ኮርድ ነው፣ መልሱ አይሰጥም። በመጨረሻው ዘፈን ገጣሚው ትልቅ የሬሳ ሣጥን አምጡልኝ ይላል። በሃይደልበርግ ካለው ግዙፍ የወይን ጠጅ በርሜል የሚበልጥ፣ አሥራ ሁለት ግዙፋን የሚሸከሙት ይሁን፣ ባሕር ውስጥ ጣሉት ይላል። ሃይነ እያላገጠ ነው። የምለቀው ፍቅሬንና ሕመሜን ነው ብሎ ይዘጋል። ዘፋኙ እዚህ ላይ ዝም ይላል። ፒያኖው ግን ቀስ ብሎ ከ12ኛው ዘፈን ማብቂያ ያመጣውን ዜማ እንደገና ያነሳል። እዚያ አበቦቹ በእህታችን፣ ማለትም በፍቅረኛው፣ ላይ አትከፋ ብለው ገጣሚውን ለምነውት ነበር። ይህ ግን በቃል አይደገምም። ሃይነ በላገጠበት ቦታ ሹማን ይቅር ብሏል። ግጥሙን እንደ ራሱ ያላነበበ ሰው ይህን መልስ ሊሰጠው አይችልም ነበር።

እኛ ዘንድ ይህ እንግዳ ነገር አይደለም። በአብነት ትምህርት ቤት ዜማ የተማረ ተማሪ ቅኔ ቤትም ይገባል። እዚያ የሰው ቅኔ ይዞ መምጣት አይበቃም፣ የራሱን አዲስ ቅኔ ቆጥሮ ለመምህሩ ያቀርባል። ድምፅና ቃል፣ ጥናትና ፈጠራ አብረው ነው የሚያድጉት። ፒያኖ የማስተምራቸው ልጆች ግን ቀኑን ሙሉ ስኬል ሲመቱ ይውላሉ፣ መጽሐፍ ግን አይዙም። ሹማን በ1850 ለወጣት ሙዚቀኞች ባወጣው ምክር ከልምምድህ የምታርፈው ገጣሚዎችን በማንበብ ይሁን፣ ብዙ ጊዜም ወጣ ብለህ ተንሸራሸር ይላል። ይህን ምክር ስመለስ ልምምድ ክፍሌ ግድግዳ ላይ እለጥፈዋለሁ።

ከዝቪካው ስመለስ ለጓደኛዬ ደወልኩለት። አዲስ አበባ ላይ ስናቀርበው ከእያንዳንዱ ዘፈን በፊት ግጥሙ በአማርኛ ይነበብ አልኩት። እሱ አልወደደውም። አሥራ ስድስቱ ዘፈኖች ያለ እረፍት መያያዝ አለባቸው፣ በተለይ የመጀመሪያው ያልተፈታውን ኮርድ ይዞ ወደ ሁለተኛው ካልገባ ይሞታል አለ። እውነቱን ነው። ብዙ ተከራከርን። በመጨረሻ ግጥሞቹ ሁሉ ከመጀመሪያው ዘፈን በፊት በአንድ ጊዜ እንዲነበቡ፣ አንባቢውም ከመድረክ እንዲወርድ ተስማማን። ትርጉሙን ባቡር ላይ ጀምሬዋለሁ።