ሲ ወይስ ሲኤፍ? ሌንሱን ሳይሆን መዝጊያውን ግዙ

ለሃሰልብላድ ፊልም ካሜራ 80 ሚሜ ፕላናር ሌንስ ስፈልግ ምርጫው ሁለት ነበር፦ ከ1957 (እ.ኤ.አ.) ጀምሮ ከ500ሲ ካሜራ ጋር የመጣው ሲ፣ ወይም በ1982 እሱን የተካው ሲኤፍ። የሁለቱም ትልቁ የብርሃን መክፈቻ ኤፍ 2.8 ነው። ሰው ስለ ብርጭቆው ሲከራከር ይውላል፤ ልዩነቱ ያለው ግን ሌንሱ ውስጥ ባለው መዝጊያ (ሻተር) ላይ ነው። የሲ መዝጊያ ኮምፑር፣ የሲኤፍ ፕሮንቶር የሚባል ነው።

ብርጭቆውን ቶሎ ልጨርሰው። ፊቱ ላይ በቀይ ቲ ስታር (ነጸብራቅ የሚቀንስ ድርብርብ ሽፋን) የተጻፈበት ሲ ካገኛችሁ በፎቶ ከሲኤፍ አትለዩትም። ብርማው የድሮው ሲ ግን ሽፋኑ ነጠላ ነው። ላሊበላ ቤተ ጊዮርጊስ ታች ወርዳችሁ ሽቅብ ስታነሱ ሰማዩ ከጨለማው ግድግዳ አናት ቦግ ብሎ ይገባና ጥላው ሁሉ ግራጫ ይሆናል። ሁድ (ሌንሱ ፊት የሚገጠም ከለላ) የሚረዳው ፀሐይዋ ከፍሬሙ ውጭ ስትሆን ብቻ ነው። ሁድና ፊልተርም አይዋዋሱም፤ የሲ ማያያዣ ባዮኔት 50፣ የሲኤፍ ባዮኔት 60 ነው።

አሁን ወደሚያናድደው። የሻጭ ቪዲዮ አትመኑ። እኔ ከመግዛቴ በፊት የተላከልኝ ላይ የ1 ሰከንዱ ድምፅ እንደ ሰዓት ጥርት ያለ ነበር። ደሴ ደርሶ፣ አድሮ፣ በማለዳው ብርድ መጀመሪያ ሲተኮስ ግን እያቃሰተ መሀል ላይ ቆመ። ምክንያቱ ግልጽ ነው፦ ቀርፋፋዎቹን ፍጥነቶች የሚቆጥሩት ጥቃቅን ጥርሶች ላይ ያለው ግሪስ ደርቋል። ደጋግሞ ሲተኮስ ይፍታታል፤ ሻጩም ቪዲዮ የሚቀርጸው ካፍታታው በኋላ ነው። ስለዚህ የምትጠይቁት ያደረ ሌንስ የመጀመሪያ ምት ቪዲዮ ነው። እሱን የማይልክ ሻጭ ይቅርባችሁ።

በእጃችሁ ከገባ በስልክ ለኩት። ማጋዚኑን (ፊልም የሚይዘውን ሳጥን) አውጡ፣ ሌንሱን ወደ አምፖል አዙሩ፣ ከኋላ በሰከንድ 240 ፍሬም በሚቀርጽ ስሎው ሞሽን ቅረጹና ብርሃን የሚታይባቸውን ፍሬሞች ቁጠሩ። በ1 ሰከንድ 240፣ በ1/8 ሰከንድ 30፣ በ1/15 ሰከንድ 16 ፍሬም ይሆናል። 1/8 ላይ 38 ከመጣ የአንድ ስቶፕ (ብርሃኑን እጥፍ የሚያደርግ ልዩነት) ሲሶ ዘግይቷል፤ ለኔጌቲቭ ፊልም ምንም አይደል። 60 ከመጣ ግን ጥገና ነው። 1/500ን በዚህ መንገድ አትለኩትም።

ስትለኩ ጣታችሁን ከመልቀቂያው አታንሱ። ቶሎ ካነሳችሁ የካሜራው ረዳት መዝጊያ ከኋላ ይዘጋና ብርሃኑ ይቆረጣል፤ በዚህ የተነሳ ደህና ሌንስ የሚመልስ ሞልቷል። ቤተ ክርስቲያን ውስጥ በትራይፖድ 1 ሰከንድ ስታነሱም ያው ነው።

ሲ ላይ ያለችውን ትንሽ ማንሻ ወደ ቪ አትውሰዷት። ቪ ፎቶው ሰከንዶች ቆይቶ እንዲነሳ የሚያዘገየው (ሰልፍ ታይመር) ነው፤ ከደረቀ መሀል ላይ ተጣብቆ ሌንሱን ከካሜራው ጋር ይቆልፈዋል። እኔ እርሱት እላለሁ። ሰዓት ሠሪ ዘይት ጠብ እንዲያደርግበትም አትስጡ፤ ዘይቱ ወደ መዝጊያው ምላጮች ይሄድና ያጣብቃቸዋል።

እና የቱ? ወሎ ውስጥ ለሚሠራ፣ ጠጋኝ ቅርብ ለሌለው፣ ሲኤፍ። የኮምፑር ዋና ሞላ ከተሰበረ መለዋወጫ ማግኘት ፈተና ነው። ሲ የምትገዙት በቅርቡ ተፈትቶ ከታጠበና ደረሰኝ ካለው ብቻ ነው፤ አለዚያ የጥገናውን ዋጋ ደምሩበትና ርካሽነቱ ይጠፋል። ጉምሩክ ላይም ያሮጌነቱ ነገር አይገባቸውም፤ የግዢውን ደረሰኝ አትመው ያዙ።

ክረምት ሲገባ ከቆዳ ቦርሳው አውጡት፤ ቆዳ እርጥበት ይዞ ብርጭቆው ላይ ሻጋታ ያበቅላል። አየር በማያስገባ ዕቃ ከሲሊካ ጄል ጋር ይቀመጥ። ሩዝ ግን አትጨምሩ፤ ዱቄቱ ይገባበታል።