የትምህርት ቤቱ ስም የት ገባ?

ቃሊቲ አካባቢ ያለ አንድ ማተሚያ ቤት የ480 ተማሪዎችን የውጤት ካርድ ሊያትም ተስማማ። ፒዲኤፉን የማዘጋጀው እኔ ነበርኩ።

ካርዱ አናት ላይ የትምህርት ቤቱ ዓርማና ስም አለ። ዙሪያውን ደግሞ ጥለት። ጥለቱ በጣም ያምራል፤ ግን ሺህ ጊዜ የተደጋገሙ ትንንሽ መስመሮች ናቸው። ፕሮግራሜ ይህን ሁሉ በየገጹ እንደ አዲስ ይሥል ነበር። ፋይሉ 140 ሜጋባይት ደረሰ። የማተሚያው ኮምፒውተር ገና ሲከፍተው ደርቆ ቀረ።

መፍትሔውን አውቀው ነበር። ፒዲኤፍ ፎርም ኤክስኦብጀክት የሚባል ነገር አለው። ስሙ ፎርም ይሁን እንጂ ከሚሞላ ቅጽ ጋር አይገናኝም። ማኅተም በሉት። ሥዕሉን አንዴ ቀርጻችሁ ታስቀምጣላችሁ፤ እያንዳንዱ ገጽ በአንዲት አጭር ትእዛዝ እየጠራ ያሳርፈዋል። እንዲህ ሳደርገው ፋይሉ 4 ሜጋ እንኳ አልሞላም። የመጀመሪያዎቹን ገጾች አየሁ፤ ጥርት ብለዋል። ላክሁት።

በማግስቱ ጠዋት ፎርማኑ ደወሉ። «ልጄ፣ ቶሎ ድረስ።»

ስደርስ ማሽኑ ቆሟል። ጋሼ አንዱን ካርድ በሁለት ጣታቸው ይዘው ወደ መስኮቱ አዞሩት። ጥለቱ አለ፣ ዓርማው አለ። በስሙ ቦታ ግን ትርጉም የሌለው የላቲን ፊደልና ምልክት ተደርድሯል።

«የትምህርት ቤቱ ስም የት ገባ?»

60 ካርድ እንዲያ ሆኖ ወጥቷል። አንገቴን ደፋሁ።

ላፕቶፔን የወረቀት ክምር ላይ ከፈትኩት። ፎርሙን «በኤፍ1 ጻፍ» ብዬዋለሁ። ኤፍ1 የትኛው ፎንት እንደሆነ ግን እዚያው ፎርሙ ውስጥ አልነገርኩትም። የራሱ የሪሶርስ ዝርዝር፣ ማለትም የሚጠቀምባቸው ፎንቶችና የመሳሰሉት መዝገብ፣ ስለሌለው ካረፈበት ገጽ ይዋስ ነበር። እስከ 8ኛ ክፍል ባሉት ካርዶች ኤፍ1 የግዕዙ ፎንት ነው። ለ9ኛ ክፍልና ከዚያ በላይ ላሉት ግን ሌላ ገጽ ነበር ያዘጋጀሁት፤ እዚያ ኤፍ1 ማለት ሄልቬቲካ የሚባለው የላቲን ፎንት ነው። ዓርማውና ጥለቱ የተረፉት መስመርና ተራ ቀለም ብቻ ስለሆኑ ነው። ከማንም የሚዋሱት ነገር የለም።

በፒዲኤፍ 1.1፣ በድሮው እትም ዘመን፣ ከገጹ መዋስ የተለመደ አሠራር ነበር። እ.ኤ.አ. በ2008 የወጣው ዓለም አቀፉ የፒዲኤፍ ደረጃ፣ አይኤስኦ 32000፣ ግን ጊዜው ያለፈበት ነው፣ ፋይል የሚያዘጋጅ አይጠቀምበት ይላል። ይህንን አንብቤው ነበር። የገባኝ ግን ያን ቀን፣ ጋሼ ፊት ቆሜ ነው። በሁሉም ገጽ ላይ የሚያርፍ ነገር የሚያስፈልገውን ሁሉ ራሱ ይዞ መዞር አለበት።

ማስተካከያው አምስት መስመር አልፈጀም። የተበላሸውን ወረቀት ዋጋ ከኪሴ ከፈልኩ። ጋሼ አዲሱን ፋይል ሲከፍቱ የመጀመሪያውን ገጽ አላዩም። በቀጥታ ወደ 9ኛ ክፍል ወረዱ።