ካንዴላዋን ላያት

"አቦ፣ ሞተሩን ተወው! መጀመሪያ ካንዴላዋን ላያት።"

ዛሬ ድሬዳዋ ሳቢያን ሰፈር አንድ መካኒክ ነው እንዲህ ያለኝ። ካንዴላ ማለት ሞተር ውስጥ ቤንዚኑን በብልጭታ የምታቀጣጥለው ናት። ስኩተሬ ሰሞኑን ጋዝ ስሰጣት ትታነቃለች፣ ዳገት ላይ ጉልበት የላትም፣ ቤንዚንማ አይበቃትም። ሌላ ጋራዥ ገና ድምጿን ሰምተው "ፋሻ (የፒስተን ቀለበት) ጨርሳለች፣ ሞተር ይውረድ" ብለውኝ ነበር። የሞተር ማውረጃ ዋጋ የደረሰበት ያውቀዋል።

ሰውዬው ካንዴላዋን ፈታ፣ ወደ ፀሐይ አዞራትና ጫፏን በአውራ ጣቱ አሸት አደረጋት። ጣቱ ጠቆረ፤ ግን አልወዛም።

"አየህ? ደረቅ ጥላሸት ነው። ፋሻ ቢሆን ዘይት ያረጥባት ነበር። ነጭ ብትሆን ቤንዚን አነሳት እልህ ነበር። ይቺ አየር ነው ያጣችው።"

የአየር ማጣሪያውን ሲያወጣው የድሬን አቧራ ግማሹን ተሸክሟል። ማጣሪያ ቀየረ፣ ቤንዚንና አየር የሚቀላቅለውን ካርቡሬተር አጠበ፣ ሚኒሞዋን (ጋዝ ሳይሰጣት የምትዞርበትን ፍጥነት) አስተካከለ። በቃ።

ሐረር እንደምወጣ ስነግረው ደግሞ "ደንገጎ ዳገት ላይ ትንሽ መድከሟ አይቀርም፤ በሽታ ነው ብለው እንዳያስፈቱህ" አለኝ። እውነቱን ነው። ድሬ 1200 ሜትር ገደማ፣ ሐረር 1900 ገደማ ናት። ሽቅብ በወጣን ቁጥር አየሩ ይሳሳል፤ ካርቡሬተሩ ግን የለመደውን ቤንዚን መስጠቱን አይተውም።

እኛ ዘንድ መቀየር ይቀድማል፣ ማየት ይከተላል። ስልኩም፣ ፍሪጁም፣ አንዳንዴ ሰዉም እንዲሁ ነው። ይሄ ሰውዬ የዕቃና የእጁን ብቻ ተቀበለኝ፤ ላየበት ምንም አልጠየቀም።

ሐረር ላይ እንዲህ ካንዴላ አይቶ የሚናገር መካኒክ የምታውቁ ካላችሁ በውስጥ ንገሩኝ።