እግሬ ያቃጥለኛል፣ እሳት ግን አይሰማውም

ስኳር ካለብኝ ቆይቷል። የእግሬ ሕመም ግን ዘግይቶ ነው የመጣው። መጀመሪያ ጣቶቼ ደነዘዙ። ከዚያ ውስጥ እግሬን ማቃጠል ጀመረኝ። ቀጥሎ ደግሞ ድንገት ብልጭ ብሎ የሚነዝረኝ ነገር መጣ። ቀን ሥራ ላይ ስሆን እረሳዋለሁ። ማታ አልጋ ውስጥ ስገባ ይነሳብኛል። አንሶላው ራሱ ሲነካኝ ያመኛል።

የምኖረው መሀል ከተማ ነው፣ ከራስ መኮንን ድልድይ ብዙም ሳልርቅ። መሥሪያ ቤቴ ቸርችል ጎዳና ላይ ነው። ዳገቱም፣ የታክሲ ሰልፉም፣ የክረምቱ ብርድም የዚህ ሕመም አካል ናቸው።

ነገሩ በደንብ የገባኝ ሐኪም ፊት ነው። ወጣት ሴት ናት። ካልሲዬን አስወልቃ አስተኛችኝና «ዓይንዎን ጨፍነው፣ ስነካዎት አዎ ይበሉ» አለችኝ። ጨፍኜ ጠበቅኩ። ዝም ሲለኝ «መቼ ነው የምትጀምሪው ልጄ?» አልኳት። ለካ ቀኝ እግሬን ጨርሳ ወደ ግራው ተሻግራለች። የምትነካካኝ በቀጭን የናይሎን ክር ነበር። ክሩ እስኪታጠፍ ሲጫኑት 10 ግራም ያህል ያርፍብሃል። ጤነኛ እግር ይህን አይስተውም።

ሌሊት እንቅልፍ የሚነሳኝ እግር፣ ሲነኩት አያውቅም! እንዴት ይሆናል ብዬ ጠየቅኳት። የተጎዳ ነርቭ ሁለቱንም ያደርጋል አለችኝ። ምንም ሳይኖር «አመመኝ» ይላል፤ እውነተኛ አደጋ ሲመጣ ደግሞ ዝም ይላል። ስኳር ረጃጅሞቹን ነርቮች ስለሚያስቀድም ነው ከእግር ጣት የሚጀምረው። ከዚያ ወዲህ ሥራዬ ሁለት ሆነ፦ ሕመሙን ማስታገስና እግሩን መጠበቅ። ስለ ማስታገሱ ሰፈሩ ሁሉ ምክር አለው። ስለ መጠበቁ የሚያወራ ግን የለም ማለት ይቻላል።

ከማስታገሱ ልጀምር። ፓራሲታሞል ለዚህ ሕመም እምብዛም አይረዳም። ዲክሎፌናክም እንደዚያው ነው፤ እሱ ጭራሽ ኩላሊት ይነካል፣ ስኳር ላለበት ሰው ደግሞ ኩላሊት ቀልድ አይደለም። የታዘዘልኝ አሚትሪፕቲሊን ነው። ባለቤቴ ካርቶኑ ውስጥ ያለውን ወረቀት አንብባ «ይሄ እኮ የድብርት መድኃኒት ነው! ምን ብለህ ነው የነገርካት?» ብላ አፈጠጠችብኝ። እውነቷን ነው፣ የድብርት መድኃኒት ነው። በትንሽ መጠን ሲወሰድ ግን የነርቭ ሕመምን ያበርዳል። በአንድ ሌሊት አይሠራም፤ ሳምንታት ይፈልጋል። አፍ ያደርቃል፣ ሆድ ያደርቃል፣ ጠዋት ያደነዝዛል። ልክ ስተኛ መውሰዱን ትቼ ከምሽቱ 2 ሰዓት ላይ ስውጠው የጠዋቱ ድንዛዜ ቀለለኝ። የልብ ወይም የፕሮስቴት ችግር ያለበት ሰው ግን ገና ሳይጀምረው ለሐኪሙ ይንገር።

ቆይቶ ጋባፔንቲን ተጨመረልኝ። እሱ መጠኑ ቀስ እየተባለ ነው የሚጨመረው፤ ማቆምም የሚቻለው ቀስ እየተባለ ነው። በድንገት መተው ጥሩ አይደለም። መድኃኒት ደግሞ አንዳንዴ ከገበያ ይጠፋል። ስለዚህ ክኒኑ ሳያልቅ ነው ፍለጋ የምወጣው።

በየቀጠሮው «ከ10 ስንት ያመዎታል?» ትለኛለች። 8 የነበረው 4 ሆነ። እሷ ደስ አላት። እኔ ቅር አለኝ፣ ዜሮ ነበር የጠበቅኩት። ለካ ሕመሙ በግማሽ ከቀነሰ ትልቅ ውጤት ነው። አሁን ከ4 ጋር ተላምደናል። 4 እንቅልፍ ያስተኛል።

አንድ ሌላ ነገር አለ፣ ብዙ ሰው የማይጠረጥረው። የስኳር ክኒኑ ሜትፎርሚን ለዓመታት ሲወሰድ ቫይታሚን ቢ12 ሊያሳንስ ይችላል። ቢ12 በተፈጥሮ የሚገኘው ከሥጋ፣ ከእንቁላል፣ ከወተትና ከመሳሰሉት ነው። እኔ ደግሞ ጾም የማልፈታ ሰው ነኝ። የቢ12 ማነስ ብቻውን ነርቭ ይጎዳል፤ ከስኳር ጋር ሲደመር አስበው። ደሜ ተመርምሮ ዝቅ ብሎ ስለተገኘ መርፌ ታዘዘልኝ። ይህን ሰምቶ በራሱ ፈቃድ የቢ ቫይታሚን ክኒን ለሚገዛ ሰው ግን አንድ ነገር ልበል፦ ቢ6 ለረጅም ጊዜ ሲበዛ ራሱ ነርቭ ይጎዳል። መመርመር ይሻላል።

የሰፈር ምክሩ አያልቅም። አንዷ ጎረቤታችን «ወጌሻ ጋ ሄደህ በደንብ ታሽ» ትለኛለች። ሌላው ዳማከሴ ይዞልኝ መጣ። ፍቅራቸው ደስ ይለኛል። ቡናቸውን እጠጣለሁ፣ እግሬን ግን አልሰጥም። በጉልበት የሚታሽ እግር፣ ሲበዛበት «በቃ» ብሎ ካልተናገረ ማን ያስቆመዋል?

ሌሊት ላይ የረዳኝ ነገር ቢኖር ባዶ የዘይት ካርቶን ነው። ሁለት ጎኑን ቆርጬ ከእግሬ በላይ አቆመዋለሁ። ብርድ ልብሱ ካርቶኑ ላይ ያርፋል፣ እግሬ ከሥር ነፃ ይሆናል። ወጪ የለውም፤ ሲጨማደድ ከሱቅ ሌላ ይመጣል።

መጠበቁ ግን ዝርዝር ነገር ነው፣ አሰልቺም ነው። ማታ ማታ እግሬን ለብ ባለ ውሃ እታጠባለሁ። ውሃውን የምለካው በክርኔ ነው፤ እግሬ ሙቅና ፍል አይለይም። ብዙ አልዘፈዝፈውም። በጣቶቼ መሀል በደንብ አደርቃለሁ። ውስጥ እግሬንና ተረከዜን ቫዝሊን እቀባለሁ፣ በጣቶቼ መሀል ግን አልቀባም፣ እርጥበት ቆዳውን ያላላዋል። ከዚያ የእጅ መስታወት መሬት ላይ አስቀምጬ ውስጥ እግሬን አያለሁ። ዓይኔ ሲደክም ባለቤቴ ታይልኛለች። ቤት ውስጥም ባዶ እግሬን አልሄድም።

ጫማ ሳላራግፍ አላጠልቅም። ይህ ልማድ የመጣው ከልጅ ልጄ ነው። የለስላሳ ቆርኪ ጫማዬ ውስጥ ደብቃ ኖሮ፣ ቀኑን ሙሉ ቢሮ ስዞርበት ዋልኩ። ማታ ካልሲዬን ሳወልቅ የቆርኪው ጥርስ ቆዳዬ ላይ ታትሟል። ደግነቱ አልደማም። አሁን እጄን አስገብቼ እስከ ጣት ጫፉ ሳልዳብስ አላደርግም።

ጫማ ስገዛ ከሰዓት በኋላ ነው፣ እግር ውሎ ሲያብጥ። ሳልቫጅ ይረክሳል፣ ምቹም ይመስላል፤ ግን በሌላ ሰው እግር ልክ ተረግጦ የተበላ ሶል ነው። ትቼዋለሁ። ሰፋ ያለ፣ ሶሉ ወፈር ያለ፣ ከላይ የሚታሰር ጫማ ይሻላል። ዘናጭ አይደለም። ይሁን።

ታክሲ ላይ ጋቢና አልቀመጥም። ድሮ ምርጫዬ ነበር፣ መስኮቱም ወሬውም እዚያ ነው። ግን የሚኒባሱ ሞተር ከጋቢናው ሥር ነው። ሌላው ተሳፋሪ ሲሞቀው እግሩን ያሸሻል። የኔ እግር እየተቃጠለም አይነግረኝም። በክረምት ደግሞ ባለቤቴ ፍል ውሃ በሃይላንድ ሞልታ አልጋ ውስጥ ትከትልኝ ነበር። እሱን አልተውነውም፣ ሰዓቱን ነው የቀየርነው። አልጋው ይሞቃል፣ ልተኛ ስል ጠርሙሱ ይወጣል፣ እኔ ወፍራም ካልሲ አድርጌ እገባለሁ። ከሰል ምድጃ አጠገብ እግር ዘርግቶ መሞቅም ቀርቷል።

ቤተ ክርስቲያን ጫማ ይወለቃል። ጊዮርጊስ ስሄድ ካልሲዬን አላወልቅም። ስወጣ ደጁ ላይ ተቀምጬ እግሬን አይቼ ነው ጫማዬን የማደርገው። ቅዳሴ ሙሉ መቆም ያቅተኛል፤ መቋሚያ እይዛለሁ፣ ሲብስ እቀመጣለሁ። እንዲያውም መራመድ ከመቆም ይቀለኛል። የአራት ኪሎ የታክሲ ሰልፍ ላይ ቆሜ ከመቃጠል፣ ወደ ፒያሳ በአዲሱ ሰፊ እግረኛ መንገድ ቀስ ብዬ ብሄድ እመርጣለሁ። ሲደክመኝ አረፍ እላለሁ። መራመዱ ስኳሬንም ይረዳዋል። በደም ምርመራ የሚታየው የ3 ወር የስኳር አማካይ ሲስተካከል የሞተ ነርቭ አይመለስም፣ የቀረው ግን ቶሎ አይጎዳም። እንጀራውንም ለዚህ ነው የቀነስኩት፣ በግድ።

መስታወቱ ውስጥ ቀላ ያለ፣ ውሃ የቋጠረ ወይም የተላጠ ነገር ካየሁ «እስቲ ነገ ይታይ» አልልም። በምላጭም አልነካውም። እዚያው ቀን ጤና ጣቢያ እሄዳለሁ። ካርድ የምታወጣው ልጅ ከላይ እስከ ታች ታየኛለች፤ ደህና ለብሻለሁ፣ አላነክስም።

«ጋሼ፣ ያምዎታል?»

«አያመኝም፤ ለዚህ እኮ ነው የመጣሁት» እላታለሁ።